ለጅማው የጭቃ ቤት እድሳት 60 በመቶ ቅድሚያ ልክፈል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ጅማ ቦሳ ቂጦ ውስጥ አሮጌ የጭቃ ቤት ገዝተዋል፤ ከፊት ሦስት ክፍል፣ ከጓሮ አራት ሰርቪስ። ስሙ ዞሯል፣ ካርታው በእጃቸው ነው። አድሰው ማከራየት ይፈልጋሉ። አንድ ኮንትራክተር ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ሙሉ እድሳት ከነዕቃው 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር፣ በሦስት ወር» ብሏቸዋል፤ 60 በመቶውን ግን አስቀድሞ ይፈልጋል። ሥራውን የሚከታተልላቸው ጅማ ያለ የአጎታቸው ልጅ ነው። «ዋጋው ተገቢ ነው? ቅድሚያውስ አልበዛም?» ብለው ይጠይቃሉ።

የኋለኛውን ላስቀድም፤ አይክፈሉ። 840 ሺህ ብር ኪሱ ከከተተ ሰው ጋር የሚደረግ ክርክር ክርክር ሳይሆን ልመና ነው።

የፊተኛውን ግን ልመልስልዎ አልችልም። ሰውየውም ቢሆን በትክክል አያውቀውም። «ሙሉ እድሳት» ስም ነው እንጂ ሥራ አይደለም። እርስዎ ሲሰሙት የሚታይዎ ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ ቀለሙ የጠራ፣ ተከራይ የሚሻማበት ቤት ይሆናል። እሱ ሲለው ደግሞ በአእምሮው ያለው ልስን፣ ኮርኒስ፣ ቀለምና ሁለት የላሜራ በር ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁም ሳትዋሹ በሁለተኛው ወር ትጣላላችሁ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እዚሁ ጅማ ጊንጆ በኩል ለራሴ የገዛኋትን ትንሽ ቤት ሳድስ ውሉ ላይ «ጣሪያ መቀየር» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው አሮጌውን ቆርቆሮ አንሥቶ አዲስ መታ። ከሥሩ የነበረው ማገር ግን በምስጥ ተበልቶ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈር ስለነበር ምስማሩ የሚይዘው ነገር አላገኘም። ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት ነፋስ ሦስት ቆርቆሮ ነቅሎ ጎረቤት ግቢ ወረወረው። ጠዋት ሄጄ ስጮህበት ረጋ ብሎ ውሉን አወጣና «እንጨት ይቀየራል የሚለው የት ጋ ነው?» አለኝ። የትም አልነበረም። ኢንጂነሩ እኔ፣ ውሉን የጻፍኩትም እኔ። የጎረቤቴን የሽንኩርት መደብ ካሳ ጭምር ከፍዬ ተማርኩ።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ቤቱ ራሱ ይመርመር። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ፤ የጭቃ ቤት ነገር ደግሞ ቃል በቃል ከሥሩ ነው። የአጎትዎ ልጅ አንድ ካቻቢቴ ይያዝና በቤቱ ዙሪያ ይሂድ። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ምርጉን ይፋቅና የቋሚውን እንጨት ያግኝ። ካቻቢቴውን በእጁ ጉልበት ብቻ ይጫነው። ደህና ባሕር ዛፍ ከሆነ ጫፉ ይነካና ይቆማል። የበሰበሰ ከሆነ ቢላ ቅቤ ላይ እንደሚገባው ይሰምጣል፤ ምስጥ የበላው ከሆነ ደግሞ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ነውና ሲያንኳኩት ከበሮ ከበሮ ይላል። ከእያንዳንዱ ቋሚ አጠገብ ግድግዳው ላይ በከሰል ቁጥሩና ምልክቱ ይጻፍበት፤ ደህናው «ደ»፣ የተበላው «ብ»። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ለሚመጣው ገንዘብ ሁሉ መሪ ይሆናል።

እንደ እኔ ሚዛን ከቋሚዎቹ ሲሶ የሚሆነው ከተበላ ያንን ቤት «ማደስ» የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡ የሚፈስሰው በሞተ ሰው ላይ ነው። በተለይ የጓሮዎቹ ሰርቪሶች ብዙ ጊዜ በርካሽ እንጨት የተሠሩ ናቸውና እነሱን አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ከማደስ ሊረክስ ይችላል። ግን ማፍረስና መሥራት እድሳት አይባልም፤ ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል። ኮንትራክተርዎ «ፈቃዱን ለኔ ተወው» ካለዎት ፈቃዱን በዓይንዎ ሳያዩ አንድ ብሎኬት እንዳይነሣ። ግንባታ ሲታገድ ዋጋ የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ነው።

ቋሚዎቹ ደህና ከሆኑ ደስ ይበልዎት። ያኔ ጠላትዎ አንድ ብቻ ይሆናል፦ ውኃ። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልበት ከተማ ነው። የፊተኛው ቤትዎ ጣሪያ 60 ካሬ ነው እንበል። 60 ካሬ በአንድ ሜትር ተኩል ሲባዛ 90 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 90 ሺህ ሊትር ውኃ ይሆናል። አሸንዳ ከሌለዎት ይህ ሁሉ ውኃ በየዓመቱ ከግድግዳዎ ሥር ይወርዳል፣ ጭቃ ይረጫል፣ የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። እርስዎ ደግሞ የገዙት ወደ ቂጦ ረግረግ በሚወርደው ሜዳ በኩል ነው። ወደ ጅሬን በኩል ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውኃን ያሳልፋል፤ ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል ይጥለዋል። በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ካለ ጀሶ በጥብጠው ስንጥቁ ላይ ጣት የሚያህል ይለጥፉበትና ቀኑን ይጻፉበት። ከወር በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ በልስን የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ስለ ልስን ካነሣን አይቀር አንድ በጣም የተለመደ ስሕተት ላንሣ። በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ይለሰናል፤ ሲያልቅ ቤቱ ብሎኬት ይመስላል፤ ፎቶው ያምራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፣ ጭቃ ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ሆድ ያወጣል፣ ከዚያ በሳህን በሳህን ይወርዳል። ከኋላው የተያዘው እርጥበትም እንጨቱን ይበላል። መለሰን ካስፈለገ ሽቦ በምስማር ተወጥሮ ከቋሚዎቹ ጋር ታስሮ፣ ሥሩም ከውኃ ተጠብቆ ነው። ይህ «ሽቦ ያለው ልስን» ተብሎ በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ ማንም አያደርገውም፤ ሽቦው ከተለሰነ በኋላ አይታይማ።

እንግዲህ ዝርዝሩ እንዴት ይጻፍ? ክፍል በክፍል፣ በሜትር። «የጓሮ ሰርቪስ ቁጥር 2፣ የኋላ ግድግዳ» ብለው ይጀምሩ። 4 ሜትር በ2.80 ቁመት 11.2 ካሬ ነው። በሩ 0.90 በ2.10 ከሆነ 1.89 ካሬ ይቀነሳል፤ 9.3 ካሬ ይቀራል። ባለ 40 በ20 ብሎኬት በካሬ 12 ተኩል ያህል ይገባል፤ ወደ 117 ብሎኬት። ለስብርባሪ አምስት በመቶ ይጨምሩ፣ 123። አሁን ሰውየው «ለዚህች ግድግዳ 200 ብሎኬት» ቢልዎት መልስዎ ስድብ መሆን የለበትም። «እንዴት አስበኸው ነው? አብረን እንለካው» ይበሉት። ሐቀኛ ሰው ሜትሩን ያወጣል። ሌላው ይቆጣል። የትኛው ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የረከሰ ፈተና የለም።

ዝርዝሩ ላይ ከብዛቱ ጋር ጥራቱም በቃል ይቀመጥ። ቆርቆሮ ከተባለ ስንት ጌጅ (የውፍረት ቁጥሩ) ነው? ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 በእጅጉ ይሳሳል፣ ዋጋውም ይለያል። «ቆርቆሮ» ብለው ከተዋዋሉ የሚመጣልዎት ስሱ ነው፤ ሰውየው ሌባ ስለሆነ አይደለም፣ እርስዎ ስላላሉት ነው። ኤሌክትሪክ ላይም እንዲሁ፤ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ገመድ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ደግሞ ለምጣድ ብቻውን የቻለ ቢያንስ ባለ 4 መስመር ከነብሬከሩ። ተማሪ አከራያለሁ ብለው ምጣዱን እንዳይንቁት። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ባለ ትዳር ይገባል፣ ያኔ አራት ምጣድ ባንድ ቀጭን ገመድ ላይ ይጣዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ሰውየው ለምን 60 በመቶ ጠየቀ? ለእሱም እንፍረድለት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የሰጠው የፌሮ ወይም የገመድ ዋጋ በሁለት ሳምንት ሊቀየርበት ይችላል፤ ቅድሚያውን የሚፈልገው ዕቃ ገዝቶ ለማስቀመጥ ሊሆን ይችላል። ሥራ ጨርሶ ገንዘቡን የተከለከለ ሰውም በዚህ ከተማ ሞልቷል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የእርስዎን ገንዘብ እሱ ጋ ማስቀመጥ አይደለም። ዕቃውን እርስዎ ይግዙ፣ እሱ የእጅ ዋጋ ይቀበል። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ገመድ፣ ቧንቧና ሴራሚክ በእርስዎ ስም፣ በባንክ፣ በደረሰኝ። አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ብቻ በእሱ በኩል ይምጡ፤ ከአዲስ አበባ ሆነው የአሸዋ መኪና ማሳደድ አይችሉም። ያኔ የዋጋ ንረት ፍርሃቱ ይወድቅለታል፣ የእርስዎም ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲሚንቶ አይቀየርም። ይህ ሁለተኛው፣ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ከስርቆት ይልቅ የሚበዛው ነገር ነው። ሰውየው አይሰርቅዎትም፤ በእርስዎ ቅድሚያ የቀደመውን ደንበኛ ሥራ ይጨርሳል፣ የእርስዎን ደግሞ በሚቀጥለው ደንበኛ ቅድሚያ። አንዱ ደንበኛ ሲጠፋ ሰንሰለቱ እርስዎ ላይ ይበጠሳል።

የእጅ ዋጋው 400 ሺህ ብር ቢሆን፣ ለመጀመሪያ 40 ሺህ ይክፈሉ፤ ሠራተኛ ለማሰባሰብና ለመሣሪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሁልጊዜ ከሥራው ኋላ ይሂድ። የተበሉት ቋሚዎች ተቀይረው፣ የግድግዳው እግር በድንጋይ ተይዞ ሲታይ አንድ ክፍያ። ጣሪያው ተዘግቶ አሸንዳው ተሰቅሎ አንድ ባልዲ ውኃ ከላይ ሲፈስስበት ወደ ቦዩ ሲገባ ሌላ። ሦስተኛው ክፍያ ደግሞ ከልስን በፊት ይሁን፤ ቧንቧውና የገመዱ ቱቦ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ሳይሸፈን በፎቶ ተይዞ። ፎቶው ላይ ሜትር ተዘርግቶ ይታይ፤ ቧንቧው ከወለሉ በስንት፣ ከማዕዘኑ በስንት እንደሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተከራይ ምስማር ሲመታ ያ ፎቶ ግድግዳ ከመቆፈር ያድንዎታል። ማጠናቀቂያው አራተኛ ክፍያ ነው።

ከጠቅላላው 10 በመቶ፣ ማለትም 40 ሺህው፣ መያዣ ሆኖ ይቀመጥ። መቼ ይለቀቅ? መንግሥታዊ ሥራዎች ላይ በወራት ይቆጠራል። ለጅማ ቤት የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ አንድ ሙሉ ክረምት ይለፍበት። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክበብ ካልወጣ፣ የግድግዳው እግር ካላበጠ፣ መስከረም ሲጠባ ይከፈላል። ጣሪያ የሚፈተነው ሐምሌ ላይ ነው፤ በጥር ርክክብ ላይ ሁሉም ጣሪያ ደህና ነው።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው በአግባቡ መከናወንና ለግንባታው ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። ግን ስልኩን ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ የሄደን ግንበኛ አንቀጽ አያገኘውም፤ መያዣው ነው የሚያገኘው። ውሉ ላይ ለዘገየበት ቀን የሚቆረጠው ገንዘብ በቁጥር ይጻፍ። ውሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ያኔ በትርጉም ላይ መከራከር አድካሚ ነው። ሰውየውም የሚፈርምበትን በራሱ ቋንቋ ሲያነብ «እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም» የሚባለው ነገር ይቀራል።

ሥራ ሲጀመር ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይወጣል፤ በጭቃ ቤት ደግሞ በእጥፍ። ግድግዳ ሲነካ ያልታየ ምስጥ፣ ወለል ሲነሣ ያልታወቀ የቆሻሻ ጉድጓድ። ስለዚህ ከበጀቱ ውጭ 20 በመቶ ያህል ለብቻው ያስቀምጡ፤ ለኮንትራክተሩም እንዳለዎት አይንገሩት። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ደንቡ አጭር ነው፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት ካሬ ወይም ስንት ሜትር፣ ስንት ብር፣ ስንት ቀን እንደሚጨምር በስልክ መልእክት ተጽፎ እርስዎ «እሺ» ሳይሉ አይሠራም። በቃል «እሱን በኋላ እንተሳሰባለን» የተባለ ነገር በኋላ አይተሳሰብም፤ ይጨቀጨቃል።

የአጎትዎ ልጅ ጉዳይ ያሳስበኛል። ልጁ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ኮንትራክተሩ በየቀኑ ቡና ይጋብዘዋል፣ በሳምንቱ ወንድሜ ይለዋል፣ በወሩ ስሕተት ሲያይ ለመናገር ያፍራል። እርስዎ ደግሞ ዘመድ ስለሆነ አይከፍሉትም፤ ያልተከፈለው ሰው ሲመቸው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይክፈሉት፤ በወር ቁርጥ ያለ ገንዘብ፣ በቀን ቁርጥ ያለ ሥራ። «ተከታተልልኝ» አይበሉት። የሚቆጠር ነገር ይስጡት።

ለምሳሌ የሲሚንቶ ጆንያ። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ሲከፈት ባዶው በአንድ ጥግ ይከመር፤ ማንም አይውሰደው። ቅዳሜ ማታ ይቁጠርና የገባው፣ የቀረው ሙሉና ባዶው ይገጣጠም። ካልገጠመ ማንም ላይ ሳይቆጡ ቁጥሩን ይንገሩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይገጥማል። ለቢም ወይም ለኮለን በአንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሲቦካ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይበላል፤ ሰባት ከረጢት። ይህንን ቁጥር የያዘ ሰው የተሞላውን ኮንክሪት ለክቶ ሲሚንቶው የት እንደገባ ያውቃል። አለካኩ በሳጥን ይሁን። በአካፋ የሚለካ ግንበኛ ካለ አካፋው ጠዋት ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ነው።

አሸዋ ሲመጣ መኪናው ሳይገለብጥ የጭነቱ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር ይለካ። እርጥብ አሸዋ እንደሚያብጥም ይወቅ፤ ከደረቁ በሩብ ያህል ሊበልጥ ይችላል፤ እርጥብ አሸዋ ሲገዙ የተወሰነውን አየር ነው የሚገዙት። ከዚያ አንድ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ፣ የቀረውን ውኃ ሞልቶ በደንብ ያናውጠውና ሦስት ሰዓት ያስቀምጠው። አሸዋው ከሥር ይረጋል፣ ጭቃው ከላዩ እንደ ቡና አተላ ይተኛል። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋውና ከጭቃው ድምር ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ጠርሙሱ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሲታይ ባለ መኪናው ራሱ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ አሸዋ ያመጣል። ሲሚንቶው ደግሞ መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር፤ በጅማ እርጥበት ለሦስት ወር የሚበቃ ሲሚንቶ አንድ ጊዜ መግዛት ድንጋይ መግዛት ነው። የሁለት ሳምንት ብቻ ይግዙ።

ጊዜውን በተመለከተ «ሦስት ወር» የሚለው ያለ መነሻ ቀን ትርጉም የለውም። ጣሪያ የሚከፈተው በበጋው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ መጋቢት ሲገባ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ችግሩ ያው በጋ የቡና ለቀማ ወቅት መሆኑ ነው። የቀን ሠራተኛው ወደ ገጠር ይወጣል፣ ቡና የሸጠው ሁሉ ቤት መሥራት ይጀምራል፣ ጥሩ ግንበኛ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ይጠራል። ስለዚህ ውሉን መስከረም ላይ ይጨርሱ፣ ዕቃውን ጥቅምት ላይ ያዘጋጁ፣ ኅዳር ላይ ሰዎቹ የእርስዎ ይሁኑ። የሠራተኛውንም ልማድ በውሉ ቀን ቆጠራ ያስገቡ፤ አርብ የጁምዓ ሰዓት ሥራ ይቆማል፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ከባድ ሙሌት አይታሰብም፣ ገናና ጥምቀትም አሉ። ይህንን ያላሰበ የጊዜ ሰሌዳ ከመጀመሪያው ውሸት ነው።

የኮንትራክተሩን የደረጃ ፈቃድ ወረቀት ይዩለት፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ እኔ የማየው ያለፉት ሁለት ሥራዎቹን ነው። ከአንድ ክረምት በላይ የቆየ ቤቱን ያሳይዎት። ባለቤቱን ሳይሆን ተከራዩን ያነጋግሩ፤ ባለቤት ያሳመረውን ሥራ ያሞግሳል፣ ተከራይ የሚያፈስበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል።

ገንዘቡን ከየት ላምጣ ለሚለውም ባጭሩ ልንገርዎት። ብዙ ሰው የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብዬ አጠናቅቃለሁ ይላል። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ተግባራዊ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ቤቱ ባለበት በጅማ ምን እንደሚሠራ ከመዋዋልዎ በፊት ቢሮው ሄደው ያረጋግጡ፤ ከአሁኑ ግን ሂሳብዎን በሁለት ወር ቅድሚያ ይሥሩ። ሴራሚኩን ለፊት ቤት ያድርጉት፤ ለሰርቪሶቹ ጥሩ ሊሾ፣ ንጹሕ መጸዳጃና የውኃ ታንከር ይበቃል። ጅማ ውስጥ ተከራይ የሚያስወጣው የወለሉ መልክ አይደለም፤ የውኃ መጥፋትና የሚያፈስ ጣሪያ ነው።

ለሰውየው የሚመልሱለት እንግዲህ ይህ ነው፦ «ዋጋህን አልተቃወምኩም፤ ዝርዝሩን ልልክልህ ነው፣ ካሬ በካሬ ዋጋ አስገባልኝ፤ ዕቃው በኔ ነው፤ ቅድሚያው አሥር በመቶ፣ መያዣው አሥር በመቶ።» ያንኑ ዝርዝር ለሌሎች ሁለት ሰዎችም ይስጡ። እሱ ከጠፋ ከዝርዝሩ የሸሸ ነውና አይከተሉት። ከመለሰ ደግሞ ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ዝቅተኛውን ሳይሆን በአንድ ሥራ ላይ ከሌሎቹ በጣም የወረደውን ቁጥር ይፈልጉ። እዚያ ቦታ ላይ ወይ አልተረዳም፣ ወይ ሥራውን ሊዘለው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የአጎትዎ ልጅ ነገ ጠዋት ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ጓሮ ይውጣ። የአራቱን ሰርቪሶች የኋላ ማዕዘን ቋሚ እግር ፍቆ ፎቶ ያንሣና ይላኩልኝ፤ «ደ» ይበዛል ወይስ «ብ» የሚለውን ካየሁ በኋላ ነው 1 ሚሊዮን 400 ሺህው ብዙ ነው ወይ ጥቂት የምልዎት።